ጅራፉን ራስሽ አጩኺው

ለእህቴ ልጅ፣ እንደ እርሷም ድምፅ ለሚያስበረግጋችሁ ልጆቻችን

ባለፈው ሰኞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ነፋስ መውጫ በዚያ ሰዓት ስሟን ታስመሰክራለች፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ የጣራውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ያድራል። አንቺ ባለሽበት በአሜሪካ ገና ማታ ነበር። "አጎቴ፣ ደረጃ ላይ ነኝ" አልሽኝ። ቡና ልትቆዪ ምጣድ ጥደሽ ጭሱ ሲነሣ የጣራው አላርም ጮኸ፣ አንቺም በባዶ እግርሽ ወጣሽ፣ ጎረቤት ገብቶ ዝም አሰኘልሽ። ዕቃው ግን ባትሪው እየደከመ ኖሮ በየደቂቃው "ጢጥ" ይላል። እኔም በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ያቺን ጢጥ እየቆጠርሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠሻል። "ነቅዬ ልጥለው ነው" ስትይኝ "ቆዪ" አልኩሽ። ለምን ቆዪ እንዳልኩሽ በዚያ ሰዓት ማስረዳት ስላልሆነልኝ ነው ይህን የጻፍኩት። በእርጋታ ቀን አንብቢው።

1. አትፍሪ ብዬ አልመክርሽም።

እንዲያ ብሎ የሚመክር ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱን ፍርሃት የደበቀ ነው። በእኛ አገር፣ ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ፣ ወንድ ልጅ የሚመዘነው ሰርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ዐይኑን ባለመጨፈኑ ነው። ሴቷም ብትሆን በርግጋ እንስራዋን ከጣለች ዓመት ሙሉ መተረቻ ትሆናለች። እኔ መተረቻ ነበርኩ። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። የቡሄ ጅራፍ ያስፈራኝ ነበር። ቡሄ ሲቃረብ እረኞቹ ከልጥ የገመዱትን ጅራፍ በየኮረብታው ማጮህ ሲጀምሩ፣ እኔ ጎተራ ሥር ገብቼ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ እቀመጥ ነበር። ጆሮ መያዙ ብዙም አልረዳኝም። የሚያሠቃየኝ በአንዱ ጩኸትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ነበርና። አንቺ ደረጃው ላይ ሆነሽ ያቺን ጢጥ ስትጠብቂ እኔ የት እንዳለሽ አውቄዋለሁ፤ ጎተራው ሥር ነሽ።

ስለዚህ አትፍሪ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቂ። አትፍሩ ባይ ሞልቷል። እኔ የምልሽ በፍርሃትሽ አትሸማቀቂ ነው፤ ማፈር አይገባሽም።

2. ድንጋጤ ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ።

ድንጋጤ የተፈጥሮ ነው። ገና የተወለደ ሕፃን እንኳ ድንገት ድምፅ ሲሰማ እጆቹን ዘርግቶ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ከጆሮ ወደ ታችኛው የአንጎል ክፍል ደርሶ ጡንቻን የሚያዝበት መንገድ በጣም አጭር ነው። "ምን ነበር?" ብለሽ ሳታስቢ፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ዐይንሽ ይጨፈናል፣ ትከሻሽ ይሰበሰባል። ይህን ማንም አያስቀረውም፤ ማስቀረትም አያስፈልግም።

ፍርሃት ከድምፁ ቀድሞ የሚመጣው ነው። ቡና መቁላት ከተውሽ ሰነባብተሻል፤ ሰኞ ማታ የሞከርሽው እኔን ለማስደሰት እንደነበር አውቃለሁ። ዕጣን አታጨሺም። ሰው ቤት ስትገቢ መጀመሪያ የምታዪው የባለቤቱን ፊት ሳይሆን ጣራውን ነው። ሐኪሞች እንዲህ በአንድ ነገር ላይ ብቻ የሚነሣውን ብርቱ ፍርሃት ፎቢያ ይሉታል። ለስሙ የሚበቃው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይና ኑሮን ሲያጠብ ነው። የአንቺ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ጆሮሽን ራሱን የሚያምሽ ከሆነ ግን፣ ማለትም የሰሃን መጋጨት እንኳ እንደ መርፌ የሚወጋሽ ከሆነ፣ ነገሩ የመስማት ችግር ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ የጆሮ ሐኪም ይየው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆችም ድምፅ ከሌላው ሰው ይልቅ በርትቶ ስለሚሰማቸው ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ እነርሱን "ልመዱ" ብሎ ማስገደድ ጭካኔ ነው።

3. ሥሩ የት እንደሆነ ለራስሽ ተናገሪ።

ነሐሴ 2013 በሰሜን የተነሣው ጦርነት ነፋስ መውጫ ገባ። ከ6 እስከ 15 ከተማችን በታጣቂዎች እጅ ነበረች። በሴቶቻችን ላይ የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከሦስት ወር በኋላ፣ 16 ሴቶችን አነጋግሮ፣ ለዓለም ተናግሮታል፤ እዚህ አልደግመውም። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በእነዚያ ቀናት መካከል ዋለ። በዚያ ዓመት ነፋስ መውጫ ላይ ጅራፍ ሲያጮኽ ያየሁት ልጅ የለም፤ ጅራፍ መስሎ የተሰማን ሁሉ ሌላ ነገር ነበር። አንቺ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ ከእኛ ጋር አልጋ ሥር ነበርሽ።

ከዚያ በኋላ አገር ለቀሽ ሄድሽ። አላርሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ ዕቃ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከዕቃው ይቀድማል። ይህን የምልሽ ቁስል ለመጎርጎር አይደለም። አላርሙ ሲጮኽ ያ ቀን ተመልሶ ከፊትሽ የሚቆም ከሆነ፣ ሽታው ሳይቀር የሚመጣ ከሆነ፣ በሕልምሽ የሚያባንንሽ ከሆነ፣ ከዚህ በታች የምነግርሽን ልምምድ ብቻሽን አትጀምሪው። ያ የጦርነት ቁስል ነው፤ የራሱ ባለሙያና የራሱ ሕክምና አለው። ነገሩ ድምፁ ብቻ ከሆነ፣ ድምፁ ሲያልፍም አብሮ የሚያልፍ ከሆነ፣ እንግዲያው ተከተይኝ።

ፍርሃት ከድምፅ እንዴት እንደሚወለድ ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1920 ጆን ዋትሰን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከረዳቱ ከሮዛሊ ሬይነር ጋር ሆኖ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ በነካ ቁጥር ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመታ ነበር። ሕፃኑ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ከደነገጠ በኋላ አይጧን ሲያይ ብቻ ማልቀስ ጀመረ። ፍርሃቱንም ሳያስለቅቁት ቀሩ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ፤ ዛሬም ያ ሥራ በደል ነው እላለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አስተማረን፦ እንዲህ ያለው ፍርሃት የተማርነው ነው እንጂ አብሮን የተፈጠረ አይደለም።

4. ያ ዕቃ ምን እንደሚል እወቂ።

እኛ ቤት ጭስ የሕይወት ምልክት ነው። በጉና ሥር፣ ውርጩ አጥንት በሚሰብርበት አገር፣ ንጋት ላይ ከሣር ክዳኑ ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው እናትየዋ ተነሥታለች ይላል። የማይጨስ ቤት ካየ ግን ሄዶ ያንኳኳል፤ ምን ሆነው ነው ብሎ። አንቺ ያለሽበት አገር ደግሞ ጭስ ማለት ውጡ ማለት ነው። የተጣላሽው ከድምፁ ብቻ አይደለም ልጄ፤ የእናትሽን ጓዳ ሽታ ወንጀል ከሚያደርግ ነገር ጋር ነው። ይህን ሳስብ እኔም ከፋኝ።

ግን ደግሞ አስቢው። በእኛ አገር ቤት ሲቃጠል ማን ይናገራል? ሰው ነው። አንዷ ሴት ከደጅ ወጥታ "እሪ!" ስትል፣ ከማዶ ያለው ይቀበላታል፣ ከእርሱም ማዶ ያለው፤ መንደሩ ቅጠልና ውኃ ይዞ ይደርሳል። እሪታ ያስደነግጣል፤ እንዲያስደነግጥም ነው የተሠራው። በለሆሳስ የሚባል እሪታ ማንን ያስነሣል? ልዩነቱ የእሪታው ባለቤት መታወቋ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደምታደርጊ ወዲያው ይገባሻል። አላርሙ ባለቤት የለውም። ስለዚህ ባለቤት ስጪው፣ ቋንቋውንም ተማሪ።

ቋንቋው ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኾ ትንሽ አርፎ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከጮኸ ጭስ አለ ማለቱ ነው። በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጢጥ ካለ ባትሪዬ ደከመ ማለቱ ነው፤ እሳት የለም፣ የሚመጣም ነገር የለም። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል ያህል ይጮኻል። ብዙ ነው፤ የተኛ ሰው መቀስቀስ አለበትና። በላዩ ላይ ያለው ቁልፍ መሞከሪያ ነው፤ በብዙዎቹም ላይ በምግብ ጭስ ሲጮኽ ለጥቂት ደቂቃ ዝም የሚያሰኘው እርሱ ነው። ዕድሜው 10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉው ይለወጣል። በውስጡ ጭስን የሚለይበት መንገድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በብርሃን ያያል። ሌላው አሜሪሲየም የተባለ ጨረር ሰጪ ነገር በጣም ጥቂት ይዞ አየሩን ይፈትሻል፤ ለወጥና ለቡና ጭስ ቶሎ የሚጮኸው ይህኛው ነው። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ከጀርባው ተጽፏል፤ አከራይሽን ጠይቂ።

5. አትንቀዪው።

ቆዪ ያልኩሽ በዚህ ምክንያት ነው። ሰኔ 7 ቀን 2009 ሌሊት በለንደን ግሬንፌል ታወር በሚባለው 24 ፎቅ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ የአገራችን ሰው ተኝቶ ነበር። ታክሲ ነጂ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩ የቤቱ የጭስ አላርም ቀሰቀሰው። ቢነሣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከፍሪጁ በኩል ጭስ አየ። ለእሳት አደጋ ደወለ፣ አብረውት የሚኖሩትን ቀሰቀሰ፣ የጎረቤቶቹን በር አንኳኳ። እሳቱ ግን በመስኮት ወጥቶ ሕንፃው ከውጭ በለበሰው ነገር ላይ ተያያዘና 72 ሰው ሞተ፤ ከእኛው ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ቤተሰቦችም ነበሩባቸው። በዚያ ሰው ላይ ብዙ ክፉ ወሬ ተወራበት። በመንግሥት የተቋቋመው መርማሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ጥፋት የለበትም ብሏል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ያደረገው ሁሉ ከእኛ መንደር የተማረው ነው። እሪታ ሰማ፣ እሪታውን ለሌላው አቀበለ።

እርሱን የቀሰቀሰው ያ አንቺ የምትጠዪው ድምፅ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት አምስት ሰዎች ሦስቱ ያህል የሚሞቱት አላርም በሌለበት ወይም በማይሠራበት ቤት ውስጥ ነው። ባትሪውን አውጥተሽ መሳቢያ ውስጥ ከከተትሽው፣ በፌስታል ከጠቀለልሽው፣ ለአንድ ቀን ትገላገያለሽ። በዚያች ቀን የምታገኚው ዕረፍት ደግሞ ፍርሃቱን ይመግበዋል፤ ስሸሽ ነው የዳንኩት ብሎ ሰውነትሽ ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ከበፊቱ ይብሳል። እኔ ጎተራ ሥር በገባሁ ቁጥር ጅራፉ እየጎላ ነበር የሄደው።

6. ጅራፉን ራስሽ አጩኺው።

ከጎተራው ሥር ያወጣኝ አያቴ ነው። አልተቆጣኝም፣ ጎትቶም አላወጣኝም። አንድ ቀን "ና በግ እናምጣ" ብሎ ከሸለቆው ማዶ ካለው ኮረብታ ወሰደኝና ቆሎ በእጄ ሞላልኝ። ከማዶ እረኞቹ ጅራፍ ሲያወዛውዙ ይታያሉ። "እጁን እይ" አለኝ። የልጁ እጅ ተሰነዘረ፤ ዝም። እስከ ሁለት ልቆጥር ስል ድምፁ መጣ፤ ትንሽ፣ እንደ ጭራሮ መሰበር ያለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ ያወቅኩት ኋላ ትምህርት ቤት ነው። ያን ቀን የገባኝ ድምፁ ከሰማይ እንደማይወርድ ነው። እጅ አለው። እጁ ከተሰነዘረ በኋላ ይመጣል፣ ከዚያ ያልፋል።

በማግሥቱ ወደ ሸለቆው ግማሽ ወረድን። እንደገና ቆሎ። ልቤ ሲመታ "እንሂድ" አልኩት፤ "ቆሎህን ጨርስ" አለኝ። ቆሎው ሲያልቅ ልቤም ተረጋግቶ ነበር። ሁልጊዜ ልቤ ሳይረጋጋ አንነሣም ነበር፤ ይህን ልብ በይልኝ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛው ቀን እየቀረብን መጣን። አንድ ቀን ወደ ኋላ ተመልሰናል፤ ጉም ወርዶ እጁ ስላልታየኝ አልቅሼ ነበር። አያቴ ግን እንደ ውድቀት አልቆጠረውም። ለቡሄ ዋዜማ ራሱ የገመደልኝን አጭር ጅራፍ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ቀን አልጮኸልኝም። ሲጮኽልኝ ግን ያ ሁሉ ዘመን የሸሸሁት ድምፅ ከገዛ እጄ ወጣ። ዐይኔ ጨፈን ማለቱ አልቀረም። ጎተራው ሥር ግን ከዚያ ወዲህ አልገባሁም።

ኋላ በማሠልጠኛው መጽሐፍ ውስጥ ከዋትሰን ታሪክ ቀጥሎ የሜሪ ከቨር ጆንስን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራ ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን ነበረ። ጆንስ እየመገበችው ጥንቸሏን በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እያቀረበች በመጨረሻ በእጁ አስነካችው። የአያቴ ቆሎ! አያቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ጴጥሮስንም ሰምቶት አያውቅም። ዛሬ ሐኪሞች ፎቢያን በዋነኛነት የሚያክሙት በዚሁ መንገድ ነው፦ ወደሚፈራው ነገር ደረጃ በደረጃ፣ በራስ ፈቃድ መቅረብ።

ለእኛ አገር ሰውም እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጋይንት የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያሉባት የዜማ አገር ናት። ማኅሌት ቆመሽ ታውቂያለሽ። ሊቃውንቱ ከበሮውን በአንድ ጊዜ አያፈነዱትም። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮ ያዜማሉ። ቀጥሎ በመቋሚያው ዝማሜው ይመጣል። ከዚያ መረግዱ ሲጀመር ከበሮው በቀስታ ይገባል፣ እየደመቀ ይሄዳል፤ ጽፋቱ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ይናወጣል። ዜማው ግን ያው ነው። በእናቱ ጀርባ የታዘለው ሕፃን በዚያ ሁሉ ድምቀት ውስጥ የሚተኛው ደረጃ በደረጃ ስለተወሰደ ነው።

አንቺም ከቁም ዜማው ጀምሪ። የአላርም ድምፅ ቅጂ በስልክሽ ላይ ታገኚያለሽ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ዝቅ አድርገሽ፣ ቡናሽን ይዘሽ ክፈቺው፤ ቡናው ቢያስቸግርሽ ሻይም ይሆናል። ፍርሃትሽን ከዜሮ እስከ አሥር ስጪው። ስድስት ከሆነ ሁለት እስኪሆን ድረስ እየደጋገምሽ ስሚው፣ ከዚያ ዝጊው። ከፍታው ላይ ሳለሽ አትዝጊ፤ ፍርሃት እንደ ዳገት ነው፣ ወጥቶ መውረዱ አይቀርም፣ መውረዱን ሳታዪ ከሄድሽ ግን ዳገቱን ብቻ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ነገ ያንኑ። ሲቀልልሽ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጊ። ከዚያ ስልኩን ጣራው ላይ ካለው ዕቃ ሥር አስቀምጠሽ ስሚ፣ ድምፁ ከዚያ በኩል መምጣቱን ሰውነትሽ እንዲያውቅ። ከዚያ ጓደኛሽ መጥታ፣ አንቺ ከውጭ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እስከ ሦስት ቆጥራ የመሞከሪያውን ቁልፍ ትጫን። ከዚያ በሩ ተከፍቶ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ሆነሽ። መጨረሻ ላይ፣ ወንበር ላይ ቆመሽ ወይም በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ፣ ቁልፉን ራስሽ ተጫኚው። ለጎረቤቶችሽ አስቀድመሽ ንገሪ። አላርሙ ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ አከራዩን ሳትጠይቂ አትንኪው።

የጆሮ መድፈኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢረዳሽ ተጠቀሚ፤ ቀስ በቀስ ተዪው። ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ደፍኖ የሚውል ሰው ጆሮው እየባሰበት ይሄዳል። ስትተነፍሺም አወጣጡን አርዝሚው፤ እስከ አራት ቆጥረሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት ወይም ሰባት ቆጥረሽ አውጪ። ጸሎትሽን በለሆሳስ ማለትም ትንፋሽን እንዲሁ ያረዝማል፤ እናትሽ ነጎድጓድ ሲጮኽ ውዳሴ ማርያም የምትደግመው እንዲህ ነበር።

ስንት ቀን እንደሚወስድ አልነግርሽም። የእኔ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር፤ ሕፃን ስለነበርኩና አያቴ ስለነበረ ነው።

7. ቡናሽን አትተዪ።

ምጣዱን ከአየር መሳቢያው ሥር ጣጂ፣ መስኮት ክፈቺ፣ በትንሽ እሳት በጥቂት በጥቂቱ ቁዪ። ዕጣኑን ከአላርሙ አርቂው። አላርሙ ከምድጃው በሦስት ሜትር መራቅ አለበት፤ ከቀረበ አከራዩ ያዛውረው፣ በብርሃን በሚያየው ዓይነትም ይለውጠው። ባትሪውን ጢጥ እስኪል አትጠብቂ፤ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ለውጪው፣ ቀኑን አትረሺውም። የሕንፃው የእሳት ልምምድ የሚደረግበትን ቀን አስቀድመው እንዲነግሩሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ መሸሽ አይደለም።

8. ከባሰብሽ ወደ ባለሙያ ሂጂ።

አንቺ ባለሽበት አገር ይህን የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት ከእኛ ይልቅ ይቀልላል። "ፎቢያ አለብኝ፤ ደረጃ በደረጃ መለማመድ እፈልጋለሁ" በይው። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ አያሳፍርም። ማስታገሻ ክኒን ብቻውን ፍርሃቱን አያስረሳም፤ ለዚያች ሰዓት ብቻ ያደነዝዘዋል።

እዚህ አገር ለምታነቡኝ ደግሞ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፣ አዲስ አበባም አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጠበል የምትጠመቁ ጠበላችሁን ሳትተዉ ሐኪሙንም እዩ። ሁለቱን ያጣሉት እኛ ነን።

9. ይኼኛው ለእኛ ለቀረነው ነው።

በስማዳ ወገዳ ሳስተምር የትምህርት ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ በብረት ይመታል። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከደወሉ አምስት ደቂቃ አስቀድሞ ጆሮውን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ሰዓት ሳይኖረው ሰዓቱን ያውቀዋል። ሌሎቹ ይስቁበት ነበር። ከብዙ ማባበል በኋላ ደወሉን እርሱ እንዲመታ ሰጠሁት። ነጎድጓድ ሲጮኽ ዛሬም ይደነግጣል ይሉኛል። ከትምህርት ቤት ግን አልቀረም።

ዛሬ እንዲህ ያለው ልጅ አንድ አይደለም። ከ2013 ወዲህ፣ ደግሞም ከ2015 ክረምት ወዲህ፣ በክልላችን የተኩስ ድምፅ የማያውቅ ሕፃን ማግኘት ከባድ ነው። በር ድንገት ሲዘጋ ጠረጴዛ ሥር የሚገቡ ተማሪዎችን በዐይኔ አይቻለሁ። በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ያላችሁ መምህራን፣ አትሳቁባቸው፤ ሌላውም ልጅ እንዳይስቅ አድርጉ። ደወሉን ከመምታታችሁ በፊት "አሁን ይመታል" በሉ፤ ምንም አያስወጣም። ሽማግሌዎች ደግሞ ሰርግና ለቅሶ ላይ ጥይት መተኮስ ይቅር እንበል። ልማዳችን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ልጆቻችን ግን የትኛው ጥይት የደስታ እንደሆነ መለየት አቅቷቸዋል።

አንቺ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምረሽ ተለማመጂ። ቁልፉን ራስሽ የምትጫኚበት ቀን ሲደርስ፣ ደረጃ ላይ ሆነሽ ሳይሆን ከቤትሽ ውስጥ ደውዪልኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓትም ቢሆን ነቅቼ እጠብቃለሁ። ስልኩን ወደ ጣራው አድርጊውና ተጫኚ፤ እኔም ልስማው።